ከሃምቡርግ ምን ይዘን እንመለስ?

ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አውሮፓ ሄዶ የተመለሰ ሰው በመሥሪያ ቤቱም በቤተ ዘመዱም የሚቀርብለት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ብርዱ እንዴት ነበር? ምግቡ ተስማማህ? እዚያው ለመቅረት አላሰብህም? ትምህርት ክፍሉ ደግሞ የዲግሪውን ማስረጃ ተቀብሎ፣ የደመወዝ ማስተካከያውን ደብዳቤ ጽፎ፣ ለመጪው ወሰነ ትምህርት ሦስት ኮርሶች ይመድብለታል። እዚያ የተማረው እዚህ ከምንሠራው ሥራ ጋር በምን እንደሚገናኝ፣ የጻፈውንም ማን ሊያነበው እንደሚችል የሚጠይቅ ጉባኤ ግን የለም። ይህ አስተያየት የተጻፈው ጥያቄው በይፋ ሊጠየቅ ይገባል ከሚል እምነት ነው። ምሳሌዬ የኖርሁባት ከተማ ሃምቡርግ ናት፤ የተማርሁትም የግእዝ ፊሎሎጂ ነው። የአፈር ሳይንስ ወይም የሕዝብ ጤና ተመራማሪ ዝርዝሩ የእርሱ ባይሆንም፣ ነገሩ ከእርሱም ደጅ የራቀ እንደማይሆን እገምታለሁ።

የግእዝ መጻሕፍትን ለማጥናት ወደ ጀርመን መሄድ ለሰሚው ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። አጎቴ የጉዞዬን ምክንያት ሲሰማ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ብሎ ነበር የተረተው። ተረቱ እውነት አለው፤ መልስም አለው። የኢትዮጵያን ጥናት በአምስት ጥራዝ የሰበሰበው «ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ» ከ2003 እስከ 2014 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተዘጋጀው በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አዘጋጆቹ ዚግበርት ኡሊግና በኋላም አሌሳንድሮ ባውዚ ነበሩ። 15ኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በ2003 የተካሄደው በዚችው ከተማ ነው። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት በዲጂታል መልክ የሚዘግብ፣ «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ስም የተሰጠው ሥራ እየተካሄደ ነው፤ የታቀደለት ዕድሜ እስከ 2040 ይደርሳል። ሃያ አምስት ዓመት ለአንድ የምርምር ሥራ ማለት ነው። የሦስት ዓመት በጀት ለማጽደቅ የምንቸገር ሰዎች ይህን ቁጥር ቆም ብለን ልናየው ይገባል። አንድ ወጣት ተመራማሪ ሥራውን ጀምሮ፣ ጎልምሶ፣ ጡረታ ሊወጣ ሲቃረብ ያው ሥራ ይቀጥላል ማለት ነው፤ የብራና መጻሕፍት ብዛትም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

እንዲህ ያለው ብርታት ከየት መጣ የሚለውን ግን በአድናቆት ብቻ ማለፍ አይገባም። የእስያና የአፍሪካ ጥናት ተቋም የሚገኘው በዳምቶር ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በ1911 በተመረቀው ባለጉልላት ሕንፃ አንደኛው ክንፍ ነው። በዋናው ሕንፃ መግቢያ ላይ ለምርምር፣ ለማስተማር፣ ለዕውቀት የሚሉ ቃላት ተጽፈዋል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የተቋቋመው በ1919 ነው፤ ከዚያ በፊት ግን፣ ከ1908 ጀምሮ፣ በከተማይቱ ይሠራ የነበረው የቅኝ ግዛት ተቋም ይባል ነበር። ወደ አፍሪካ የሚላኩ ሹማምንትና ነጋዴዎች ቋንቋና አስተዳደር የሚማሩበት ቤት ነበር። የአፍሪካ ቋንቋዎች ጥናት በሃምቡርግ ሥር የሰደደው በዚያ ቤት ነው። በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ገዥ የነበረው የሄርማን ፎን ቪስማን ሐውልት ከዳሬሰላም ተነቅሎ በ1922 በዩኒቨርሲቲው ግቢ ቆሞ ነበር፤ ተማሪዎች በ1968 ጨርሰው እስኪጥሉት ድረስ። ዛሬ በዚያ በኩል የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህን ታሪክ ያወቀው እንደሆነ፣ ያ ቤት መጻሕፍቱን በጥንቃቄ የመያዝ ልማዱና ያ ታሪክ በአንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸውን ያስተውላል። እኔ አንዱን ለማመስገን ሌላውን መርሳት፣ ወይም አንዱን ለመውቀስ ሌላውን መካድ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ተማሪዎቹ ሐውልቱን የጣሉት ቤተ መጻሕፍቱን ሳያቃጥሉ ነው።

ከዚህም ቀደም ያለ ነገር አለ። በሃምቡርግ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል የተሰየመው በሂዮብ ሉዶልፍ ስም ነው። ሉዶልፍ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ የግእዝ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ያሳተመ፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን የጻፈ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው ያወጣ ታላቅ ሊቅ ነው። ይህን ሁሉ ያስተማረው ግን የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነው። በ1649 በሮማ፣ በኢትዮጵያውያን መነኮሳት ቤት ተገናኙ፤ በ1652 አባ ጎርጎርዮስ እስከ ጎታ ድረስ ተጉዞ በመስፍኑ ቤተ መንግሥት ቆየ፤ በ1658 ወደ ሀገሩ ሲመለስ መርከቡ ተሰብሮ በባሕር ሞተ። ሉዶልፍ መምህሩን አልደበቀም፤ ስሙን ደጋግሞ ጠርቶታል፣ ሥዕሉንም አሳትሞለታል። ይሁንና መጽሐፉ የአንዱ ሆነ፣ ዕውቀቱ የሌላው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ አባ ጎርጎርዮስ በጎታ ያየውን ለወገኖቹ ለመንገር አለመብቃቱ ነው። በዚያን ዘመን አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ስለ ጀርመን ምን ይል እንደነበር ማን በነገረን!

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። ኢትዮጵያዊው እንደ ተጠያቂ ብቻ አይቀርብም፤ ራሱ ይጽፋል፣ ይፈርማል፣ ይከራከራል። ነገር ግን የጻፈው ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ገና አልተፈታም፤ ወደዚህ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ በሃምቡርግ ከተማርሁት ሁሉ ትልቁ ነው ስለምለው ነገር ልናገር። ብዙ ሰው ቤተ መጻሕፍቱ ይመስለዋል። ቤተ መጻሕፍቱ በእርግጥ ያስደንቃል፤ እዚህ በፎቶ ኮፒ ቁራጭ የማውቃቸውን የዲልማንን መዝገበ ቃላትና የቆዩ የግእዝ ኅትመቶች በአንድ መደርደሪያ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም የመጻሕፍቱ ብዙው ክፍል ዛሬ በኢንተርኔት ይገኛል፤ ለመጽሐፍ ብሎ ባሕር መሻገር የሚያስፈልግበት ዘመን እያለፈ ነው። በኢንተርኔት የማይገኘው «ኮሎክቪየም» የሚሉት ሳምንታዊ ጉባኤ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ የዶክትሬት ተማሪ ገና ያልተጠናቀቀ ምዕራፉን ከሳምንት በፊት ለሁሉም ይልካል። በዕለቱ፣ ሰዓቱ ካለፈ ከ15 ደቂቃ በኋላ (ጀርመኖች መዘግየትን እንኳ በደንብ ወስነውታል፤ «የአካዳሚ ሩብ ሰዓት» ይሉታል) ይሰበሰባሉ። ጸሐፊው ጽሑፉን አንብቦ አያሰማም፤ ሁሉም አንብቦት መጥቷልና። ለ90 ደቂቃ ሌሎች ይናገራሉ፣ እርሱ ይጽፋል። ይህ ንባብ በየትኛው ቅጂ ላይ ተመሠረተ? ይህ ቃል ለምን የጸሐፊው ስሕተት ተባለ፣ የጥንቱ ንባብ እርሱ ቢሆንስ? ይህ ዓረፍተ ነገር ያንተ ነው ወይስ ያነበብኸው ሰው? ጥያቄው ጽኑ ነው፤ ነገር ግን ጽሑፉ ገና ጭቃ ስለሆነ፣ ሸክላው ሳይተኮስ ይስተካከላል። በአንድ ቀን ደግሞ ተራው የፕሮፌሰሩ ነበር። ለመጽሔት ያዘጋጀውን ጽሑፍ እንደማንኛችንም ላከ፤ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከሠንጠረዡ አንዱ ረድፍ ከመደምደሚያው ጋር እንደማይስማማ ጠቆመች፤ እርሱም አመስግኖ ጻፈ። የክፍሉ አየር አልተለወጠም። ለእኔ ትምህርት የነበረው ይህ ነው፤ የአየሩ አለመለወጥ።

በእኛ ዘንድ የመመረቂያ ጽሑፍ እስከ መከላከያው ቀን ድረስ ስንት ሰው ያነበዋል? አማካሪው፤ ዕድለኛ ከሆነ ሁለተኛ አማካሪ፤ በመጨረሻ ፈታኞቹ። በአዳራሹ የተቀመጠው ተመልካች ስለ ጥናቱ የሚሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያው ዕለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ወይ ስለ ሥርዓተ ነጥብ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ጥናቱ ከተጠናቀቀ በኋላ ሊታረም የማይችል የመሠረት ጥያቄ ይሆናል። ሁለቱም ለተማሪው አይጠቅሙም። አማካሪዎችን አልወቅስም፤ የሚያማክሩት ተማሪ ቁጥርና የሚያስተምሩት ኮርስ ብዛት የታወቀ ነው። ይልቁንም ሸክሙ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ መጣሉ ነው ጉዳቱ።

ይህ ልማድ ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀኑን ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መጥቶ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይነግራል፤ አገባቡ ከፈረሰ፣ ቤቱ ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልገጠመ እዚያው ይታረማል። ጀማሪው ከነባሩ፣ ነባሩ ከመምህሩ ይማራል፤ በየቀኑም ያልበሰለ ሥራ በሰው ፊት ይቀርባል። ለዚህ ትምህርት ሲል ወጣቱ ከቤቱ ወጥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ እየለመነ ለቅኔ ዋሸራና ጎንጅ፣ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አባ ድረስ ይጓዝ ነበር። ለትምህርት ብሎ ሀገር ማቋረጥን ከአውሮፓ አልተማርነውም። ታዲያ ዘመናዊው የድኅረ ምረቃ ትምህርታችን ያልበሰለ ሥራን በጉባኤ የማቅረብን ልማድ ለምን ከቅኔ ቤት ሳይወርስ ቀረ? የትምህርት ታሪክ ተመራማሪዎች ቢመለከቱት ደስ ይለኛል። እኔ የማውቀው ጉባኤውን ለመጀመር አንድ ክፍል፣ አንድ ሰዓትና ምዕራፉን አስቀድሞ የሚልክ አንድ ደፋር ተማሪ ብቻ እንደሚያስፈልግ ነው። የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።

የዕለት ኑሮውን ነገር ባጭሩ ልለፈው፤ በዚህ ረገድ ብዙ ተብሏልና። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ በአብዛኛው የለም፤ ከፋይ የሚሆኑት ጥቂት መቶ ዩሮ የሴሚስተር መዋጮ ነው። ነገር ግን ያለ ስኮላርሺፕ የሚሄድ ተማሪ ቪዛ ለማግኘት የአንድ ዓመት ወጪውን በዝግ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል፤ መጠኑ ከመስከረም 2024 ጀምሮ 11,904 ዩሮ ሆኗል። ይህ ቁጥር ማን እንደሚማርና ማን እንደማይማር ከማንኛውም የመግቢያ ፈተና ይልቅ ይወስናል። የመኖሪያ ቤት ችግርም አለ፤ አድራሻ ለማስመዝገብ የአከራይ ማረጋገጫ ያሻል፣ ሌላው ወረቀት ሁሉ ደግሞ በአድራሻው ላይ ይንጠለጠላል። ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት በአንድ መሥሪያ ቤት ቀጠሮ ስጠብቅ የከረምሁባቸው ወራት ከአንድ ምዕራፍ ዕድሜ አያንሱም።

ከሁሉ በላይ የሚከብደው ግን ብርሃኑ ነው፤ ብርዱስ ልብስ ይበግረዋል። የእኛ ሰዓት ከፀሐይ ጋር የተስማማ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት፣ ስትጠልቅ አሥራ ሁለት። በታኅሣሥ ሃምቡርግ ግን ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ወጥታ አሥር ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፤ በሰኔ ደግሞ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወጥታ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ አትጠልቅም። በልጅነት የተማርነው የሰዓት አቆጣጠር የምድር ወገብ አካባቢ ስጦታ መሆኑ የሚገባው እዚያ ነው። ለሚሄዱ ተማሪዎች አንድ ምክር ብቻ አለኝ፤ የመጀመሪያውን ክረምት ከምርምሩ ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር አሳልፉት።

ስለ ስምና ስለ ፊደል ግን ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ለተመራማሪ ጉዳዩ የኑሮ ብቻ አይደለምና። የመረጃ ቋቶች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዳሉ። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረው አባቴ በዓለም አቀፍ መጽሔቶች እየተጠቀሰ ነው፤ እኔ በአንዲት ፊደልና ነጥብ ቀርቻለሁ። ነገሩ ያስቃል፤ ነገር ግን የአንድ አባት ሁለት ልጆች ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ወይም አንዱ ሰው በአንድ ቦታ በአባቱ፣ በሌላው በአያቱ ስም ሲመዘገብ፣ የሥራው ዝርዝር ይበታተናል። እዚህ ላይ ሃምቡርግን ማመስገን ይገባል፤ ኢንሳይክሎፔዲያው ኢትዮጵያውያንን የሚያስገባቸው በራሳቸው ስም ነው። አንድ የውጭ ተቋም ያደረገውን የራሳችን መጽሔቶችና የመመረቂያ ጽሑፍ መመሪያዎች ወጥ በሆነ መንገድ አያደርጉትም። አንዳንዶቹ «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ በቅጻቸው ላይ ይዘው ይጠብቁናል፤ ቅጹን ያዘጋጀውም፣ የሚሞላውም፣ የሚቀበለውም የቤተሰብ ስም የሌለው ሰው ነው!

ፊደሉስ? የግእዙን ጽሑፍ በላቲን ፊደል፣ ከሥሩ ነጥብ፣ ከላዩ ጭረት እየጨመሩ መጻፍ ግዴታ ነበር። ሠ እና ሰ፣ ሐ እና ኀ እየተለዩ ይጻፋሉ፤ ሳድሱ በተገለበጠች ፊደል ይወከላል። መጀመሪያ ቅር አሰኝቶኝ ነበር፤ በገዛ ፊደሉ ሊነበብ የሚችለውን ለምን ልብሱን እንገፈዋለን? ቆይቶ አንድ ጥቅሙ ታየኝ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ «አለ» ስንጽፍ ተናገረ ይሁን ኖረ የሚያውቀው አንባቢው ነው። ሳድሱም ድምፅ ይኑረው አይኑረው ከጽሕፈቱ አይታይም። በላቲን ስጽፍ በእያንዳንዱ ቃል ላይ መወሰን ነበረብኝ፤ መወሰን ደግሞ ማንበብን ያስተምራል። ይህን ጥቅም እየተቀበልሁ፣ በዚህ መንገድ የታተመ ጽሑፍ ለመጽሐፉ ባለቤቶች የተዘጋ መሆኑን ግን ልክድ አልችልም።

ያነሣሁት ዋና ጥያቄም ይኸው ነው። ለጥናቴ የተጠቀምሁበት አንዱ መጽሐፍ በጎጃም በአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የሚገኝ ወንጌል ነው። በባዶ ቅጠሎቹና በኅዳጉ ላይ የርስትና የጉልት ማስታወሻዎች ተጽፈውበታል፤ ማን ለማን ምን እንደ ሰጠ፣ ምስክሮቹ እነማን እንደነበሩ፣ ወሰኑ ከየት እስከ የት እንደሆነ። ፎቶ ለማንሣት የሄድሁት ወደ ጀርመን ከመጓዜ በፊት ነበር። ገበዙ ቁልፉን ይዘው፣ ሁለት ምስክር አቁመው፣ መጽሐፉን ከማኅደሩ አወጡልኝ፤ እስክጨርስም ከአጠገቤ አልተለዩም። ስንለያይ «ልጄ፣ መጥቶ የሚያነሣው ሁሉ ፎቶውን ይዞ ይሄዳል። ምን አገኘበት? ይህን ተመልሶ የነገረን የለም» አሉኝ። ቅሬታ እንኳ አልነበረበትም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገሩት።

ጥናቴን በእንግሊዝኛ ጻፍሁ። በጀርመን ሕግ የዶክትሬት ተማሪ ፈተናውን ስላለፈ ብቻ ማዕረጉን አይለብስም፤ ጽሑፉን ማሳተም፣ ወይም በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በኩል ለሕዝብ ክፍት ማድረግ አለበት። ይህ ግዴታ በጣም ደስ ይለኛል። ማዕረግ ለሕዝብ የቀረበ ሥራ ዋጋ ነው የሚል ሐሳብ ከጀርባው አለና። ነገር ግን «ሕዝብ» ማን ነው? ጽሑፌ በኢንተርኔት ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ ለገበዙ ግን በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ እንዳለ ያህል ነው። ገበዙ ግእዝን ከብዙ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን አሳምረው ያውቃሉ፤ ማንበብ የማይችሉት የእኔን ቋንቋ ነው።

ስለዚህ ስለ ማስታወሻዎቹ የሚናገረውን ምዕራፍ በአማርኛ መጻፍ ጀመርሁ። ሥራው ትርጉም ብቻ ይሆናል ብዬ ነበር የገመትሁት፤ የሆነው ግን ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ ሦስት ገጽ የፈጀው የመጽሐፉ አካላዊ መግለጫ በአማርኛ አንድ ገጽ ተኩል በቃው። ቃላቱ ሁሉ ነበሩና፤ ብራናው፣ ጥራዙ፣ ሐረጉ፣ ድጉሱ፣ ማኅደሩ፣ ቁም ጽሕፈቱ። የብራና ጥናት «ኮዲኮሎጂ» ተብሎ ከመምጣቱ በፊት ብራና ፋቂው፣ ቁም ጸሐፊውና ደጓሹ ሙያውን ከነስሙ ይዘውት ኖረዋል፤ ሥርግው ሀብለ ሥላሴም በ1981 ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ ሥራ ባሳተሙት ጥናት ይህን ሀብት አሳይተውናል። በአንጻሩ በንድፈ ሐሳቡ ክፍል ብዙ ደከምሁ። በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል የምሸፍነውን በአማርኛ ዘርዝሬ መናገር ነበረብኝ፤ ስዘረዝረውም ክርክሩ የበለጠ ጠራ። በገዛ ቋንቋ መጻፍ ለአንባቢ የሚደረግ ውለታ ብቻ እንዳልሆነ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው። ሐሳቡን ራሱን ይፈትነዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው፣ የደረጃ ዕድገት መመሪያችን ዋጋ የሚሰጠው በታወቁ መጽሔቶች ለወጣ ጽሑፍ ነው፤ እነዚህም በአብዛኛው እንግሊዝኛ ናቸው፤ ስለዚህ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ የሚጻፍ ጽሑፍ የተመራማሪውን ጊዜ ይበላል የሚል ነው። እውነት ነው። መልሱ ግን መመሪያውን ማሻሻል እንጂ ጽሑፉን መተው አይደለም። ሁለተኛው ከበድ ይላል። የጉልት ማስታወሻ ለአካባቢው ሰው የታሪክ ሰነድ ብቻ አይደለም። የገጠር መሬት በ1975 አዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ ሰነዱ የሕግ ኃይል ባይኖረውም፣ የእገሌ አያት የሰጠው፣ የእገሌ ዘር የተቀማው የሚል ትዝታ ሕያው ነው። በአካባቢው ቋንቋ የታተመ ምዕራፍ የተዳፈነ ጠብ ሊቀሰቅስ ይችላል። በእንግሊዝኛ መጻፍ ከዚህ ኃላፊነት ያመልጣል፤ ማምለጥ ግን ኃላፊነትን መወጣት አይደለም። ሰነዱ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል፣ መቼና በማን እንደተጻፈ አስረድቶ ማቅረብ የሚችለው አጥኚው ነው፤ እርሱ ካልነገረ ሌላው በወሬ ይናገረዋል። እኔም ምዕራፉን ከማሰራጨቴ በፊት ለገበዙና ለሰበካ ጉባኤው አባላት በቃል ማሰማትን መርጫለሁ፤ ከእነርሱ የሚነሣው ጥያቄም በኅዳግ ማስታወሻ ይገባል።

መመለስና መቅረት በሚለው ጉዳይ ላይ እንደ ልማዳችን የቀረውን የምንወቅስ፣ የተመለሰውን የምንሾም መሆናችን አያስደስተኝም። በሥጋ ተመልሶ የጻፈው ግን ያልተመለሰ ብዙ ሰው አለ፤ በሥጋ ሳይመለስ ጽሑፉ የተመለሰም አለ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ 2021 ድረስ፣ የኖሩት በአሜሪካ ነው። በ1973 የተጀመረውን የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሚኒሶታ፣ በኮሌጅቪል ሆነው በእንግሊዝኛ ካታሎግ ዘገቡት፤ ያ ሥራ ለዓለም ሊቃውንት ነበር። በ2000 ደግሞ እዚያው ኮሌጅቪል «ባሕረ ሐሳብ»ን በአማርኛ አሳተሙ፤ ያም ለእኛ ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ሁለቱን አንባቢዎች ማገልገል ከቻሉ፣ እኛ የጤነኞቹ ሰበብ ምን ይሆናል?

የማቀርበው ሐሳብ ሰፊ አይደለም። በውጭ ሀገር፣ በተለይም በሀገር ውስጥ በተሰበሰበ ሰነድ ወይም መረጃ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ የዶክትሬት ጥናት ይዞ የሚመለስ የዩኒቨርሲቲያችን መምህር፣ የዲግሪ ማስረጃውን ሲያስረክብ ከ20 እስከ 30 ገጽ የሚሆን፣ መረጃው በተሰበሰበበት አካባቢ የሥራ ቋንቋ የተጻፈ ጽሑፍ አብሮ ያስረክብ። አንዱ ቅጂ በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ፤ አንዱ መረጃውን ለሰጡት ሰዎች ይድረስ፤ የፎቶ ቅጂዎች ካሉም ከባለቤቶቹ ጋር በጽሑፍ በተደረገ ስምምነት እዚህ ይቀመጡ። የአፈር ናሙና ከገበሬው ማሳ የወሰደውም፣ የእናቶችን ጤና በየቀበሌው የጠየቀውም ያው ግዴታ ይኑርበት። የደረጃ ዕድገት ኮሚቴውም ለዚህ ጽሑፍ ነጥብ ይስጥ፤ ነጥብ የሌለው ግዴታ በመጀመሪያው ዓመት ይጠበቃል፣ በሁለተኛው ይረሳልና።

ጉባኤውን በተመለከተ ከትምህርት ክፍላችን አራት የዶክትሬት ተማሪዎች ምዕራፋቸውን አስቀድመው ለመላክ ተስማምተዋል። ቀኑ በየአሥራ አምስት ቀኑ ኀሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ የእኔ ይሆናል፤ ሳይታረም የሚቀርብ፣ በአማርኛ የተጻፈ የዚያ ወንጌል ምዕራፍ ነው። ከሌላ ትምህርት ክፍል የሚመጣ አንባቢ ይበልጥ ይፈለጋል።